በመኪና ያለፍኳት ቁራጭ መንገድ

ጁን 5፣ ማታ ይመስለኛል

በጥልቅ ሐዘን የሚነገር ዜና። እባካችሁ ሁላችሁም ቁሙ፤ እኔ እንደሆንኩ መቀመጥ አልችልም።

ቀኑን ሙሉ በጠጠር መንገድ ስትሠቃይ የዋለችው የእኔ የዳሬል መቀመጫ በተወለደች በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከዚህ ዓለም ድካም ተለይታለች። ሟች በሕይወት ዘመኗ የትምህርት ቤት ወንበር እምብዛም ያልለመደች፣ የፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ግን ሁለት ጊዜ የጎበኘች፣ ተጫዋችና ሰው ወዳድ ነበረች። ቀብሯ ነገ ጠዋት እዚያው ኮርቻው ላይ ይፈጸማል። ለወገብ፣ ለሁለቱ ጉልበቶችና ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን እንመኛለን።

ይህን ሁሉ ዜና አንባቢ በማስመስልበት በሬዲዮ ድምፄ ለአንዲት ሽኮኮ አነበብኩላት። አላዘነችም።

እንግዲህ ጀምሬያለሁ። ከዶውሰን ከተማ አጠገብ ካለው መገንጠያ ተነሥቼ ወደ ሰሜን፣ እስከ ፒል ወንዝ። ብቻዬን፣ በብስክሌት። መንገዱ ጠጠር ነው። መሃሉ ላይ አንድ ሆቴል አለ፤ ከሆቴሉ በፊትም ከሆቴሉ በኋላም ያለው ድብ ነው። ወንዙ ዳር አባዬ በበጋ ዓሣ የሚያደርቅበት ሰፈር አለ። ሰባት ዓመቴ ሳለሁ ወደ ወገኖቹ ተመልሶ ሄደ፤ እኔና እማ ዋይትሆርስ ከተማ ቀረን። ከዚያ ወዲህ በስልክ ነን። እሱ "እሺ" ይላል፣ የቀረውን ሁሉ እኔ እናገራለሁ። "በብስክሌት እየመጣሁልህ ነው" ስለውም "እሺ" አለ። የምሬን መስሎት ይሁን ቀልድ መስሎት አላወቅሁም። የአባዬን እሺ ፈትቶ የሚያስረዳኝ ሰው ቢገኝ ሻንጣዬን እንዲሸከምልኝ እፈቅድለታለሁ።

እማ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ "እስኪ አንድ ነገር ጨርስ" አለችኝ። ይህን ደብተር የገዛችልኝም እሷ ናት፤ ለአናጢነት ሥልጠናው። ሥልጠናው አላለቀም፣ ደብተሩ አልተጀመረም፤ ስለዚህ ተስማምተን አብረን ወጣን።

ጁን 6

ነፋስ። ከፊት። ቀኑን ሙሉ።

ድብ አየሁ። ቆምኩ፤ እጄን ከፍ አድርጌ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ "ሰው ነኝ፣ ክፉ አላስብም፣ ሥጋዬም መራራ ነው" አልኩት። ረዘም ያለ ንግግር ነው ያደረግኩት። ድንጋይ ነበር። ለጥንቃቄ ያህል ለድንጋዩም ጀርባዬን አልሰጠሁትም።

ጁን 8

ድንኳን መትከያው ሜዳ ላይ አንዲት ሴትዮ አገኘሁ። ጉድሩን ትባላለች። ጀርመናዊት፣ ጡረተኛ፣ እግሯ የተገመደ ገመድ የመሰለ። እሷም ብቻዋን ወደ ሰሜን ነው። የእሷ ዕቃ ሁሉ የየራሱ ኪስ አለው፤ የእኔ ዕቃ ሁሉ በአንድ ላስቲክ ታስሮ ይተቃቀፋል።

"ሥራህ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ አክስቴ። ጉድጓድ ቆጣሪ።"

"አክስትህ አይደለሁም። ስንት ደረሱ?"

"አንዱ ውስጥ ስወድቅ ቁጥሩ ጠፋብኝ።"

አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ የፊት ጎማዬን በአውራ ጣቷ ተጫነችና፣ "ነፋስ አንሶታል፤ የምትወድቀው ለዚህ ነው" አለች። ከዚያ ሾርባ እየጠጣች ሕጓን ነገረችኝ። መኪና ላይ አትወጣም። ዝናብ ቢዘንብ፣ በረዶ ቢወርድ፣ አትወጣም። ግድ ሆኖባት አንዲት ሜትር እንኳ በመኪና ካለፈች፣ ተመልሳ ያቺን ሜትር ትነዳታለች።

"ካልተመለሱስ?"

"መንገድህ ቀዳዳ ይኖረዋል።"

"የቱ ጋ?"

"እዚህ" ብላ ግንባሯን በማንኪያ ነካች።

"ብስክሌተኛ ሁሉ እንዲህ ነው?"

"ግማሹ። የቀረው ግማሽ ውሸታም ነው።"

ስንለያይ "ወንዙ ዳር ማን አለህ?" አለችኝ። "ዓሣ" አልኳት።

ጁን 11

ዝናብ። መንገዱ ሊጥ ሆኗል። ጭቃው ጎማውና ፓራፋንጎው መሃል እየገባ እንደ ሲሚንቶ ይይዛል። በእንጨት እጠርጋለሁ፣ ትንሽ እሄዳለሁ፣ እጠርጋለሁ። በመጨረሻ ፓራፋንጎዎቹን ነቅዬ ሻንጣዬ ላይ አሰርኳቸው። አሁን ጭቃው ያለ አማላጅ ጀርባዬ ላይ ነው የሚያርፈው።

አልጋና ምድጃ የጫነ መኪና የሚነዱ ባልና ሚስት ቆሙልኝ። "ና ግባ ልጄ፣ እስከ ሆቴሉ እናድርስህ።" ከውስጥ የካሮት ሾርባ ሸተተኝ።

"አልችልም። ስእለት አለብኝ።"

"የምን ስእለት?"

"ከገዳም ነው የመጣሁት።"

ሴትየዋ ደነገጠች፤ ባሏን በክርኗ ነካችው፤ ሁለት ብስኩት በናፕኪን ጠቅልላ በመስኮት ሰጠችኝ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ዝናቡ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ለምንድን ነው ያልገባሁት? የዚያች ሴትዮ ሕግ እኔን ምን አገባኝ? ሾርባ ነበር እኮ።

ጁን 14 ወይም 15

ፀሐይ መግባት ትታለች። ዳር ዳሩን ትዞራለች እንጂ አትወርድም። ሰዓቴ ደግሞ የጠዋቱን ከማታው አይለይም።

ተነሣሁ፣ ጥርሴን አጸዳሁ፣ የአጃ ገንፎ ሠርቼ በላሁ፣ ድንኳን አጥፌ ወጣሁ። ትንሽ እንደ ነዳሁ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ "ደህና እደር!" ብሎኝ አለፈ።

ቆሜ አሰብኩ። ፀሐይዋን አየኋት፤ እሷም የምታውቅ አትመስልም። ስለዚህ ገና ሳልደክም ድንኳኔን እንደገና ተከልኩ። እንቅልፍ ግን እምቢ አለ። ጋደም ብዬ እዚያ ስደርስ የምለውን እለማመድ ነበር። "ሰላም አባዬ" ቀዝቃዛ ነው። "መጣሁልህ" የዕዳ ሰብሳቢ ይመስላል። በሬዲዮ ድምፅ ማለት ደግሞ... አይ፣ ያ ይቅር።

አልፈራሁም። የሚያስፈራ ነገር የለም። ዓሣ የሚያደርቅ ሰው ነው።

ጁን 17

ሆቴሉ ሊታየኝ ሲል የኋላ ቸርኬዬ ሽቦዎች ጧ፣ ጧ እያሉ ተራ በተራ ተበጠሱ። ብስክሌቱን እየገፋሁ ደረስኩ። አዲስ ቸርኬ ከዋይትሆርስ በጭነት መኪና ይመጣል። "መቼ?" አልኩ። "ሲመጣ" አሉኝ።

አብሳይዋ፣ ሁሉም አክስት ማቪስ የሚላት፣ ዕቃ ካጠብኩላት ከማድቤቱ ኋላ ድንኳን መትከል እንደምችል ነገረችኝ። ምግብም አለው። ድስቱ ግን የሰው ቁመት ያክላል።

"ወደዚያ ላይ ምን ትሠራለህ?" አለችኝ።

"ላገባ ነው፣ አክስቴ።"

"ማንን?"

"ገና አላየኋትም። ቤተሰብ ነው የጨረሰው።"

የምትስቅ መስሎኝ ነበር። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከራት በኋላ አንድ ጥልፍ የጠረጴዛ ልብስ አጥፋ ይዛ መጣች። "እናቴ የጠለፈችው ነው፤ ለሙሽራዋ" አለች። ያኔውኑ እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን "እግዜር ይስጥልኝ" ነው። አሁን ትራሴ ሥር አለ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጁን 19

በማድቤቱ መስኮት የሰማሁት፣ ሁለት ሾፌሮች ሲጋራ እያጨሱ፦

"ያ ዕቃ አጣቢው ልጅ እስከ ወንዙ የሚደርስ ይመስልሃል?"

"እሱ? እዚሁ ነው የሚቀረው። ለመድረስ የቸኮለ ልጅ አይመስልም።"

ሳህን ሰበርኩ። ሳሙናው አንሸራትቶኝ ነው።

ጁን 21

በሆቴሉ ስልክ ለአባዬ ደወልኩ።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ።"

"የት ነህ?"

"ሆቴሉ ጋ። ቸርኬ እየጠበቅሁ ነው።"

ቀጥሎ፣ "ከስልኩ አጠገብ ባለው መስኮት ምን ይታያል?" አለኝ።

"የነዳጅ ማደያው። አንድ ቢጫ ግሬደር። አንድ ቁራ ቆሻሻ መጣያው ላይ ሆኖ ይሰድበኛል።"

"እሺ" አለ።

እየፈተነኝ ነበር! የገዛ አባቴ! እርግጥ ምክንያት አለው ልበል። ባለፈው ክረምት በሬዲዮ ድምፄ ደውዬለት ነበር። "አቶ ዊልበርት፣ እንኳን ደስ ያለዎት! በጣቢያችን ዕጣ በበረዶ ላይ የሚነዳ አዲስ ሞተር ወጥቶልዎታል፤ ኢኑቪክ ከተማ መጥተው ይረከቡ።" ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም። በዚያ ብርድ ኢኑቪክ ድረስ ነድቶ መሄዱን ከመንደሩ የመጣ አንድ ሾፌር ነገረኝ። ያን ቀን ሳቄ ጎረቤት ቀስቅሷል። እሱ ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተናገረም። ያውቃል? አያውቅም? ቢያውቅ አንድ ነገር ይል ነበር። ባያውቅም እኮ "እንዲህ ያለ ጉድ ገጠመኝ" ብሎ ያወራልኝ ነበር። ዝም ማለቱ የየትኛው ነው?

ድስት ይጠብቀኛል።

ጁን 24

ቸርኬው ከመጣ ሁለት ቀን ሆነው። ገጥሜዋለሁ፣ ካቴናውንም ዘይት ቀብቻለሁ። ግን ሰማዩ አላማረኝም።

ጥርት ያለ ነው። ያላማረኝ ያ ነው።

አክስት ማቪስ፣ "ልጅቷ እስከ መቼ ትጠብቅሃለች?" አለችኝ።

"ትዕግሥተኛ ናት።"

"ትዕግሥተኛ መሆኗን በምን አወቅህ? አይቻት አላውቅም አላልክም?"

ነገ እወጣለሁ።

ጁን 25

ወጣሁ። የጠረጴዛ ልብሱን አጥፌ የዱቄት ጣሳው ላይ ተውኩት። ምንም አልጻፍኩበትም። ምን ብዬ ልጻፍ?

ጁን 27

ነፋስ ከጎን። በተራሮቹ መሃል ባለው ረጅም መተላለፊያ ላይ ብስክሌቱ ከሥሬ ወጥቶ ሊሄድ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ቦይ ውስጥ ከተተኝ። ሁለተኛው ላይ ተነሥቼ ነፋሱን የማውቀውን ስድብ ሁሉ ሰደብኩት። አሥረኛ ክፍልን ሳልጨርስ ብወጣም በዚህ ትምህርት ተመርቄያለሁ።

ሦስት መኪና "ግባ" አለኝ፤ ሦስቱንም እምቢ አልኩ። ለምን እንደሆነ አሁንም አልገባኝም። እንዲያው አንድ ጊዜ ስለ እኔ ሲወራ "ግን እኮ" የሚል ቃል ባይገባበት ደስ ይለኝ ነበር። "ዳሬል ሥልጠና ጀመረ፣ ግን እኮ..." "ዳሬል ፒዛ ቤት ተቀጠረ፣ ግን እኮ..."

ከዚያ ዝናብ። ሌሊቱን ሙሉ፣ ሌሊት ከሆነ።

ጁን 29

ዝናቡ መንገዱን በልቶታል። ከተራራው ወርጄ ሜዳው ላይ ስደርስ ጅረቱ አፈሩን ጠርጎ ወስዶ፣ ግሬደርና ገልባጭ መኪና ይራወጣሉ። አንዲት ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች ወፍራም ሴትዮ ባንዲራ ይዛ አስቆመችኝ። አክስት ዶሪን ትባላለች፤ ሌሎቹን መኪናዎች ከፊት እየመራ የሚያሳልፈውን መሪ መኪና የምትነዳው እሷ ናት።

"በብስክሌት ማንም አያልፍም። ጫን።"

"አክስቴ፣ አልችልም፣ ሕግ አለኝ።"

"እኔም ሕግ አለኝ። የእኔው ሬዲዮ መገናኛም አለው። ጫን አልኩህ።"

ብስክሌቴን አንድ እጇን ኪሷ ውስጥ እንደከተተች በሌላው አንሥታ ከኋላ ጣለችው። ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ነው አለች። ገባሁ።

"የማን ልጅ ነህ?" አለች፣ ገና በሩን ሳልዘጋ። እዚህ አገር ከሰላምታ በፊት የሚመጣው ይኸው ነው።

"የማንም። ከአልበርታ ነኝ፤ ዓሣ ልገዛ ነው። ዊልበርት የሚባል ሰው ጥሩ ያደርቃል አሉኝ።"

"ዊልበርት!" አለችና መሪውን በመዳፏ መታችው። "አይ ዊልበርት! ሞተሩን ነገሩህ?"

"የምን ሞተር?"

"ኧረ ስማ! ባለፈው ክረምት በሬዲዮ ዕጣ የበረዶ ሞተር ወጣልህ ብለው ደወሉለት። ደወሉለት ነው እንግዲህ። መንደሩን ሁሉ ዞረ። 'ለልጄ ነው፤ ከዋይትሆርስ ሲመጣ የሚነዳው ያገኛል' እያለ። የዕቃ ቤቱን ግማሽ ባዶ አደረገለት፣ ማቆሚያ እንዲሆን። ያንን አሮጌ ተጎታች ከአጎቴ ተውሶ ነዳ፣ ኢኑቪክ። ምን ቢሉት ጥሩ ነው? 'ምንም አናውቅም!' ባዶውን ተጎታች እያንኳኳ ተመለሰ። እስከ ዛሬ የመንደሩ ልጆች ሲያልፍ 'ዊልበርት፣ ሞተርህ መጣ?' ይሉታል።"

"እሱስ ምን ይላል?"

"እሱማ ምን ይላል፣ 'እሺ' ነው የሚለው።"

ከት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በጣም ሳቅሁ። እሷ ከተወች በኋላም ስስቅ ነበር፤ ዞር ብላ አየችኝ።

ያው ቀን፣ ቆይቶ

ወንዙ ከኮረብታው ላይ ታየኝ። ጭስ አለ። ሰው አለ ማለት ነው። ጠጠሩ ላይ ተቀምጬ ብስኩት በላሁ፤ ትንኞቹም እኔን።

እዚያው እንዳለሁ ነው አንድ ትልቅ ነገር ትዝ ያለኝ። ስምንት ኪሎ ሜትር! በመኪና! የጉድሩን ሕግ! እስከዚህ ድረስ ጭቃ በልቼ፣ ነፋስ ጠጥቼ፣ መንገዴ መሃሉ ላይ ቀዳዳ ሊኖረው ነው? አይሆንም። ያቺን ቁራጭ ሳልነዳ ወንዙ ጋ ብደርስ መድረስ አይባልም። አንድ ነገር ጨርስ ተብዬ የለ? ስለዚህ ብስክሌቴን አዞርኩ። ወደ ደቡብ።

ይህ ከአባዬ ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም። ይህን በግልጽ ለመጻፍ እወዳለሁ።

ጁን 30

ጎርፍ የበላው መንገድ መግቢያ በር ላይ አደርኩ፤ ወደ ውስጥ በብስክሌት ሊያሳልፉኝ ፈቃደኛ አይደሉም። ጠዋት ድንኳኔን ከፍቼ ስወጣ ከፊቴ ማን ተቀምጣለች? ጉድሩን። ከሰሜን ስትመለስ፣ መሪ መኪናውን እየጠበቀች፣ ሁሉ ነገሯ በየኪሱ።

"ጉድጓድ ቆጣሪው! ወደየት ነው?"

"ወደ ኋላ፣ አክስቴ። ስምንት ኪሎ ሜትር በመኪና አልፌያለሁ። በሕግዎ መሠረት ልነዳት ነው። ማሽኖቹ እስኪያርፉ እጠብቃለሁ። ሳምንትም ቢሆን።"

"ምን ሆነሃል? እኔ ራሴ አሁን በመኪናው ነው የማልፈው።"

"ሕጉስ?"

"ሕጉ ለመንገድ ነው። ይኸ መንገድ ነው? ይኸ ጎርፍ የበላው ጉድጓድ ነው።"

"ግማሹ ውሸታም ነው ብለውኝ አልነበር?"

"እኔ ውሸት አላወራሁም። 'በመኪና አለፍኩ' እላለሁ፣ አለቀ።"

ሌላ ምክንያት ፈለግሁ። የቀረኝ አልነበረም። እሷ ደግሞ ዓይኗን አልነቀለችልኝም።

"ወንዙ ዳር አንድ ሰውዬ አለ" አለች። "ብስክሌት ሲያይ መንገድ መሃል ወጥቶ እጁን ያውለበልባል። ሌባ መስሎኝ ነበር። ሻይና ደረቅ ዓሣ ሰጠኝና፣ 'ከደቡብ ስትመጪ አንድ ልጅ አላየሽም? ቀጭን፣ ወሬኛ' አለኝ። ስሄድ ጠየቀኝ። ስመለስም አስቁሞ ጠየቀኝ። 'ቸርኬ እየጠበቀ ነው' አለኝ ሁለተኛው ላይ፣ ትልቅ ዜና እንደሚነግር ሰው። ከእኔ በፊት ያለፉትን ሁለት ፈረንሳዮችም፣ ያንን ጃፓናዊውንም ጠይቋል።"

"ምን አሉት?"

"'ጉድጓድ እየቆጠረ ነው' አልኩት።"

"ሳቀ?"

"አልሳቀም። 'አዎ፣ እሱ ነው' አለ።"

አንዲት ትንኝ ዓይኔ ውስጥ ገባች። ከዚያ በሌላኛውም።

መሪ መኪናው አቧራውን እያስነሣ መጣ። አክስት ዶሪን ወርዳ፣ "አንተ የአልበርታው! ዓሣህን ሳትገዛ? ምን ረሳህ?" አለችኝ። የጉድሩንን ብስክሌት እያነሣች፣ "ኧረ ለመሆኑ፣ የማን ልጅ ነህ?"

"የዊልበርት" አልኳት።

ብስክሌቱ እጇ ላይ እንዳለ ቆመች። ጉድሩን አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየች። አክስት ዶሪን ብስክሌቱን ቀስ ብላ አስቀመጠች፤ እንደ ዕንቁላል። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?" አለችኝ። "ሂድ እንጂ።"

እነሱ ወደ ደቡብ ሄዱ፤ እኔ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ሰሜን ዞርኩ። ያቺ ስምንት ኪሎ ሜትር እዚያው ቀረች። ግሬደሩ ይንዳት።

ጁላይ 1

መንገዱ መሃል ቆሞ ነበር። አጭር ሆኗል፤ ወይም እኔ ረዝሜያለሁ። እጁን ያውለበልባል። ፍሬን ያዝኩ። ከላይ እስከ ታች ጭቃ ነበርኩ፤ ጥርሴና ዓይኔ ብቻ ነው የሚታየው።

"ሻይ አለ" አለኝ። ቀጥሎ፣ "ከደቡብ ስትመጣ አንድ ልጅ አላየህም? ቀጭን፣ ወሬኛ።"

የተለማመድኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ፊቱን አየሁ፤ ምንም የሚነበብ የለበትም። አላወቀኝም? ወይስ እየቀለደ ነው? አባዬ ቀልድ ያውቃል?

"አይቼዋለሁ" አልኩ በመጨረሻ። "ትንሽ ዘግይቷል።"

"እሺ" አለ። ጎንበስ ብሎ ካቴናዬን በጣቱ ነካ። "ይኸ ዘይት ይፈልጋል።"

ቀልድ ይሁን አይሁን እስካሁን አልነገረኝም። ቀልድ ከሆነ፣ እኔ ይህን ሥራ መተው አለብኝ።

ሻይ ጠጣን። በመጥበሻ የተጋገረ ዳቦ በላን። ስለ ነፋሱ ጠየቀኝ፤ ስለ እማ ጠየቀኝ፤ ስለ ቁራው እንኳ ጠየቀኝ። ዓሣው በቋሚዎቹ ላይ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ የጢስ እሳት አለ። ኩባያዬን አስቀምጬ ጀመርኩ።

"አባዬ፣ ያ የሬዲዮው ሰውዬ እኮ..."

"ያንን ጫፉን ገልብጠው" አለኝ። "በዚያ በኩል አልደረቀም።"

ተነሥቼ ገለበጥኩ። እሱም ከወዲያኛው ጫፍ እየገለበጠ መጣ። መሃል ላይ ስንገናኝ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ፤ ወዲያው ደግሞ አነሣው፤ ዓሣ ዓሣ እሸታለሁ አሁን። ነገ መረቡን አብረን እናነሣለን አለ። ነገ ወዲያ ደግሞ የጀልባውን ቀዳዳ እንደፍናለን አለ። እኔ "እሺ" አልኩ።

ድንኳኔ ውስጥ ሆኜ ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት። የሞተ አለ፣ ጎርፍ አለ፣ መተላለፊያ ላይ ከነፋስ ጋር መሰዳደብ አለ፤ ላነበበው ሰው ዓለም ሊያልፍ የደረሰ ይመስላል። ትንሽ አፈርኩ። ጠቅላላ ነገሩ ይህን ያህል አይደለም። አንድ ልጅ አባቱን ሊጠይቅ ሄደ፤ አባትየውም ቤት ነበር። ሰው በየእሑዱ የሚያደርገው ነው።